የጎደለው ናፍጣ

ውድ ጋሽ ማርቆስ፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ይቅር ይበሉኝ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር እንዳልፈጠረብኝ ያውቃሉ። ይህን ደብዳቤ ከሰኞ ጀምሮ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን የምጽፈው እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከቢሮዬ ነው። ባልደረቦቼ ምሳ ወጥተዋል፤ እኔ ሁለት መስመር እጽፍና ተነሥቼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ሰሞኑን ሁለቴ ተደውሎልዎት «ሃሎ» ሲሉ የተዘጋብዎት ስልክ የቢሯችን ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እርስዎ ከሄዱ ወዲህ የአባቴ ትራክተር ሰላም ነሥቶኛል። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት በግድ መነሣት ጀመረ። ከተነሣም በኋላ ሞተሩ እየቆራረጠ ይሠራል፣ መሬቱ ትንሽ ጠንከር ሲል አቅም ያንሰዋል። የቀጠርኩት ሾፌር ሁለት ሳምንት ታግሎ ጥሎኝ ሄደ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጭራሽ እንቢ አለ። ዝናቡ ጥሏል፣ ትራክተሩ ባለበት ቱላ ላይ ሰው መሬቱን ለማሳረስ ወረፋ ይዞ ይጠብቀኛል፣ እኔ መቀመጫው ላይ ወጥቼ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን አዞራለሁ። ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሣም። ባትሪው ነው ሲሉኝ ባትሪ አስለወጥኩ። ፊልትሮው ነው ሲሉኝ ፊልትሮ አስለወጥኩ። አንድ ባጃጅ ነጂ አየር ስቧል ቢለኝ እሱንም አመንኩት፤ ናፍጣ በናፍጣ እስክንሆን ድረስ አየር ስናስወጣ ዋልን። ስቸገር የማላምነው ሰው የለም። ከእርስዎ በቀር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መናኸሪያ አካባቢ የሚሠራውን ሱሌይማን የተባለውን መካኒክ ይዤ ቱላ ሄድኩ። ሰውዬው መፍቻ እንኳ አላወጣም። መጀመሪያ የሞተር ዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዘ፣ ጠረጋት፣ መለሳት፣ እንደገና መዘዛት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል። አሸተተና ለእኔም ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

ከዚያ ዘይቱን አፈሰሰው። እንደ ውሃ የቀጠነ ጥቁር ነገር አንዱን ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ሁለተኛው ተደቀነ፣ እሱም ሞልቶ ሦስተኛ ፈለግን። ናፍጣውን ከማጠራቀሚያው ከሰልባቲዮው ተቀብላ የምትገፋዋን ትንሿን ፓምፕ ፈታና ውስጧ ያለችውን ስስ ላስቲክ አሳየኝ፤ ጥፍር በምታህል ቦታ ተቀድዳለች። ቆሞ ባደረ ቁጥር ናፍጣው በዚያች ቀዳዳ እየወረደ ከሞተሩ ዘይት ጋር ሲቀላቀል ኖሯል።

ጋሽ ማርቆስ፣ እርስዎ ሳሉ ማታ በእንጨት ለክቼ ጠዋት አንድ ጣት የሚጎድልብኝ ናፍጣ ይኸው ነበር። ግቢው ውስጥ ከትራክተሩ አጠገብ የሚያድሩት እርስዎ ብቻ ስለነበሩ ሌላ ሰው አልጠረጠርኩም። ብየዳ ቤት ወስጄ የሰልባቲዮውን ክዳን ጓጉንቸር አስገጠምኩበት፣ ቁልፉን በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። ጠዋት ስለካው አሁንም ጎድሏል። ጤነኛ ሰው ይህን ሲያይ «እንግዲያው ሌባ የለም» ይላል። እኔ ግን «ቁልፍ አስቀርጸዋል» አልኩ።

እርስዎ ደግሞ ነግረውኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ትራክተሩን አቁመው፣ ዘይቱ እየጨመረ ነው፣ አንድ ቀን ስጪኝና ልፍታው አሉኝ። እኔ ያልኩዎትን አልረሳሁም፣ እርስዎም አይረሱትም። «ዘይት ከጨመረ እሰየው፤ የሚቀንሰውን ይንገሩኝ» ነበር ያልኩት። አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔም በአነጋገሬ ኮራሁ።

ሱሌይማን ያችን የተቀደደች ላስቲክ በእጁ እንደያዘ፣ «ይሄ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ዘይቱ ሲጨምር አይቶ የነገረሽ ሰው አልነበረም?» አለኝ።

«አልነበረም» አልኩት።

እሁድ ቀን፣ ከአምልኮ በወጣሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው እንዲህ ያልኩት። አዲስ ላስቲክና አዲስ ዘይት ሲገባለት ትራክተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ድምፁ አባቴ በነበረ ጊዜ እንደነበረው ሆነ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ግን ከትራክተሩ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሱሌይማን ሒሳቡ የበዛብኝ መስሎት ልቀንስልሽ አለኝ።

ስለዚያች ቀን ልጻፍ። ሁለት የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ጠርቼ፣ እጅዎን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጭነው ይማሉልኝ አልኩዎት። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት አማኝ አይምልም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እንደማይምሉ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ጠየቅሁ፣ እንቢ ሲሉኝም ይኸው አምነዋል ብዬ ለሽማግሌዎቹ አሳየሁ። «አልምልም፣ ሊድያ። አልወሰድኩም ካልኩሽ አልወሰድኩም» ብለው ኮትዎን ይዘው ወጡ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠሩበትን ግቢ በር ዘግተው ነው የሄዱት፤ ሲዘጉት እንኳ አላጋጩትም።

እስካሁን የጻፍኩት የሚያውቁትን ነው። የማያውቁት አለ፤ አራቱን ደብዳቤ የቀደድኩትም እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

ከሄዱ በሳምንቱ አቶ ኃይለሚካኤል የሚባሉ፣ ይርጋለም አካባቢ እርሻ ያላቸው ሰው ደወሉልኝ። እርስዎን ለመቅጠር አስበው ስለ ጠባይዎ ሊጠይቁኝ ነበር። «ሥራውን ያውቃሉ፣ ናፍጣ ላይ ብቻ ዓይንዎ አይለያቸው» አልኳቸው። አመስግነው ዘጉት። ከሰውየው መልስ ሲጠብቁ መክረምዎን፣ መልሱ ሲጠፋ የመጋዘን ጥበቃ ሆነው መቀጠርዎን ከወይዘሮ ፍሬሕይወት ሰማሁ። ገበያ ተገናኝተን ነው ባለቤትዎ የነገሩኝ። ሰውየው ለምን ዝም እንዳሉ አልገባንም ሲሉኝ ቲማቲም እየመረጥኩ አጎነበስኩ።

ሰኞ ለአቶ ኃይለሚካኤል ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ተቆጡ። «ያን ጊዜ እንደዚያ አልሽኝ፣ ዛሬ እንዲህ ትያለሽ። የቱን ልመን? በጽሑፍ ስጪኝና ልየው» አሉኝ። ሁለቱን ሽማግሌዎችም አግኝቼ በእነሱ ፊት ያልኩትን በእነሱ ፊት አፈረስኩ።  አንደኛው፣ ይህን ለእኛ ሳይሆን ለእሱ ንገሪ አሉኝ።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ፣ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ተኳርፎ የከረመ ሰው ሁሉ ታርቆ ለበዓሉ ጉዱማሌ አደባባይ ለመውጣት ሽማግሌ እየላከ ነው፤ እኔም ልልክ አስቤ ተነሥቼ ነበር። ተውኩት። ሽማግሌ ደጅዎ ቢቆም እንቢ እንደማይሉ አውቃለሁ። በይሉኝታ ይቅር እንዲሉኝ አልፈልግም። ይቅር ካላሉኝም ተገቢ ነው። ትራክተሩ የእርስዎ እጅ ይሻለዋል፣ እኔም ቢመለሱ ደስታዬ ነው፤ ግን ይህን የጻፍኩት እንዲመለሱልኝ አይደለም። ባልደረቦቼ ደረጃውን እየወጡ ነው፣ ልጨርስ።

ሁለተኛውን ወረቀት ለብቻው የጻፍኩት ከዚህ ለይተው እንዲይዙት ነው። አንድ ቅጂ ለአቶ ኃይለሚካኤል ልኬያለሁ። ሌላ የሚጠይቅዎት ካለ ያሳዩት።

አክባሪዎ
ሊድያ

*

ለሚመለከተው ሁሉ

አቶ ማርቆስ በአባቴ በአቶ ሙሴ፣ ከእሳቸውም በኋላ በእኔ ትራክተር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሾፌርነትና በመካኒክነት ሠርተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ሊትር ናፍጣ አልወሰዱም። ሞተሩ መበላሸቱን ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። ሌባ ብዬ ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሐሰት ነበር።

ሊድያ ሙሴ፣ ሐዋሳ