ለጌቱ የላክሽው የአጃ ዱቄት

ይድረስ በቆጂ ለምትገኚው ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ ለጌቱ የላክሽው የአጃ ዱቄት ትናንት ዐርብ ማታ አለቀ።

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርዱ በረታብሽ ወይስ ቀለል አለልሽ? ያ የቀኝ ዓይንሽ ማልቀሱን ተወ? ሌሊት የሚያስነሳሽ ሳልስ? ወንድሜ ሚልክያስ ባለፈው ሲደውል "ደህና ናት፣ ከሁላችንም ትሻላለች" ብሎኛል። ወንዶች ስለ እናታቸው ጤና ሲጠየቁ ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ስለሆነ ከራስሽ መስማት እፈልጋለሁ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የባሌ የጌቱ ቁስል ደርቋል፤ ከዚህ ሳምንት ጀምሮም ወደ ቢሮው ተመልሷል። በሽታው ያሰፋለት ሱሪ እንደገና ይጠብበው ጀምሯል።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርሽ በወደድኩ። ግን ስልኩ አንቺ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?" ስትዪ ነው የሚያልቀው። ነገሩም ረጅም ነው። ምራትሽ ቤተል ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ታንብብልሽ፤ ቤተልዬ፣ እኔ የምወቀስበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ።

ሚልክያስ በጥር ያን ከረጢት ይዞ ሲመጣ፣ "አዝመራው ዘንድሮ ስስ ነው፣ ከዚህ በላይ አልተገኘም፤ ያበርክተው በዪልኝ" ብለሽ ነበር የላክሽልኝ። እንደ ወትሮው ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በእጅሽ ሁለቴ ተነፍቶ። ጌቱ የሆድ ቀዶ ጥገናውን ሲያደርግ ሐኪሞቹ "ለጊዜው ፈሳሽ ብቻ" ስላሉ፣ አምስት ኪሎ አስተምሬ ስወጣ ቤት ገብቼ አጥሚት አፈላና በፔርሙዝ እወስድለት ነበር። አንቺ እንዳስተማርሽኝ በወተት፣ መጨረሻ ላይ ለጋ ቅቤ ጣል አድርጌበት። ይህን ቅቤ ልብ በዪልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ጌቱን ታውቂዋለሽ። ሁለት ሦስት ቀን እንደጠጣ "አጥሚት፣ አጥሚት! አራስ አደረግሽኝ እኮ" ብሎ ግማሹን ተወው። ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ አታክልቲ የሚባል ሰው ተኝቷል፤ ከሽሬ አካባቢ የመጣ አናጢ ነው። የምግብ መውረጃው ታች ላይ ጠብቦ ከፈሳሽ በቀር አላሳልፍ ብሎታል። ሚስቱ ዘውዲ የሚታደለውን እንጀራ በወጥ እያሸች፣ እያላመች ትሞክራለች፤ አይወርድለትም። ሐኪሙ ነገሩን ሳይሸፍን ነግሯቸዋል። ቀዶ ጥገናው ያድነዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ከስቶ ማደንዘዣውን አይችለውም። ክብደት ከጨመረ ይሠራለታል። ካልጨመረ ግን ወደ አገሩ ከመመለስ ሌላ መንገድ የለውም፤ ጉሮሮው ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ነው። በዚህ ከተማ አንድ ዘመድ የላቸውም። እኔም ጌቱ የተወውን አጥሚት በኩባያ ቀድቼ ሰጠሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የሰጠነው ርኅሩኆች ስለሆንን ሳይሆን ጌቱ ስለሰለቸው ነው።

ጌቱ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ከበደኝ። ከረጢቱን ባየሁ ቁጥር ልቤ ለሁለት ይከፈል ነበር። ለባሌ የተላከ ነው፤ እሱም ገና አላገገመም። ጌቱን ብጠይቀው "ለእኔ የተላከ ከሆነ ለማን እንደሚሰጥ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ውሰጂለት" አለኝ። ይህን ሲል ሽሮ ፍትፍት እየጎረሰ ነበር።

እናም በየቀኑ ወሰድኩ። አታክልቲ ኩባያውን በሁለት እጁ ይቀበለኛል፤ "የቐንየለይ" ይላል፤ በቋንቋቸው ምስጋና ነው። ከዚያ "ትንሽ ይብረድልኝ" ብሎ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። እኔም የታክሲው ሰልፍ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርስ ብዬ ቸኩዬ እወጣለሁ። በማግስቱ ኩባያው ታጥቦ፣ ተደፍቶ ይጠብቀኛል። ሰኞ ሲመዝኑት ግን ሚዛኑ ይወርዳል። በሚቀጥለው ሰኞም እንደዚሁ። "ጌታ ሆይ፣ ጥቂቱን አብዛው" እያልኩ የሠራሁት አጥሚት ሰውየውን ሲያከሳው ሳይ እንደ ማኩረፍ አደረገኝ። እናቴ ከአፏ ነጥቃ የላከችውን እንዲህ ታፈስሰዋለህ? አልኩት፤ እግዚአብሔርን ነው የምልሽ።

ዐፊፋን ታስታውሻታለሽ፤ እዚሁ ግቢያችን ያለችው፣ ስትመጪ ጉልበትሽን በዘይት ያሸችልሽ የወሎ ሴት። ባሏ ዘይኑዲን ዶሮ ማነቂያ የእህል ሱቅ ነበረው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ሄደ፤ የተረፈው እህል አሁን አልጋቸው ሥር ነው። አንድ ቀን "ልጠይቅልሽ" ብላ አብራኝ ሆስፒታል ሄደች። ረመዳን ስለገባ ጾመኛ ናት። የፔርሙዙን ክዳን እንደከፈትኩ አፍንጫዋ ተነሳ።

"ፅናት፣ ቅቤ ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔም በኩራት "አዎ፣ ለጋ ቅቤ!" አልኳት። አታክልቲን አየችው። አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ ሴትዮ፣ ሁዳዴ እኮ ነው!" አለች።

እማዬ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኛ ጴንጤዎቹ ቤት ሁዳዴ መግባቱ የሚታወቀው ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ጌቱ ታሞ ሥጋ ቤት ማን ሄደ! "ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ማን ነው የጠጣው?" አለች ዐፊፋ። ዘውዲ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ከፊት ለፊት ካለው አልጋ አንድ እጅ እንደ ተማሪ ወጣ።

ሙስዓብ ነው። የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከሕንፃ ላይ ወድቆ እግሩም መንጋጋውም ተሰብሯል። ጥርሱን በሽቦ አስረውት በቀጭን ቱቦ ብቻ ነው የሚጠጣው፤ ጠያቂም የለው። መናገር ስለማይችል በጣቱ ደረቱን ነካ ነካ አደረገ፤ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ዐፊፋ "አንተስ ረመዳን አይደለም?" ብትለው በጀሶ የታሸገ እግሩን አሳያት። የአልጋውን ብረት ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። አታክልቲ ግን አልሳቀም። "እህቴ፣ ከሩቅ ተሸክመሽ መጥተሽ አልፈልግም ማለት ነውር ሆነብኝ" አለኝ። "መድፋቱ ደግሞ ኃጢአት ነው፤ እሱም ተርቧል።" ለካ ራሱ በሻይና በስኳር ውሃ ነበር የሚውለው።

ማታ ለጌቱ ስነግረው ክርክር አማረው። ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ አይደለም፣ የራሳቸውም ሥርዓት ይፈቅዳል፣ ሄጄ አስረዳዋለሁ አለ። አታክልቲ ግን ንስሐ አባቱ ካልፈቀዱለት አይቀምስም፤ እሳቸው ደግሞ ሽሬ ናቸው፣ ስልካቸውም አይነሳም። ዐፊፋ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ "ጌቱ፣ ሆዱን ልትሞላለት ነው ሃይማኖቱን ልትለውጥበት? አንዱን ምረጥ" አለችው። ጌቱ ከዚያ ወዲያ "አስረዳዋለሁ" አላለም። እሱ ክርክር ከተወ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

በማግስቱ ዐፊፋ ከአልጋቸው ሥር አንድ ጣሳ ሱፍ ዝቃ መጣች። ቀቀለችው፣ ወቀጠችው፣ በውሃ እያሸች አጠለለችው፤ እንደ ወተት ነጣ። በእሱ ላይ ያንቺን ዱቄት በጥብጠን አፈላነው። ጨው ስንመጥን ግን ተቸገርን። እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ አትቀምስም፤ የታች ቤቷ ጎረቤታችን ሁዳዴን ስለሚጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። "ቅመሺው እንጂ" አለችኝ፤ "ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ አፍ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ!"

ወሰድንለት። አታክልቲ ኩባያውን እንደ ልማዱ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ አሸተተው። ዘውዲ በእጁ ላይ ጎንበስ ብላ አየችና "ሱፍ ነው" አለችው። ይብረድልኝ አላለም። እያረፈ፣ እያረፈ እስከ ሥሩ ጠጣው። ዘውዲ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ደግሞ ሙስዓብን አየሁት፤ ዓይኑ ፔርሙዙን ይከተላል። ምን ላድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ፔርሙዝ ሆነ፤ አንዱ የቅቤ፣ አንዱ የሱፍ።

ከረጢቱ ታዲያ በፍጥነት ጎደለ። ግን ብቻዬን መሆኔ ቀረ። የቤት ኅብረታችን ሴቶች ወተቱን እኛ እናመጣለን አሉ። የታች ቤቷ ሴትዮ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሱፉን እሳቸው ይወቅጡታል፤ "ይህችን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ" ይላሉ። ዘይኑዲን ሱፉን ለክቶ ሰጥቶን አያውቅም። "ዛቁ፣ ብቻ አልጋዬ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ከሁለቱም ጎን እኩል ዛቁ" ይለናል። ያለው ንብረት እሱው ነው፤ ሱቅ ቢያገኝ የሚጀምርበት።

ባለፈው ማክሰኞ የሙስዓብን ሽቦ ፈቱለት፤ በክራንች ሊወጣ ነው። ክፍሉ በሙሉ መጀመሪያ የሚናገረውን ሊሰማ ጆሮውን ጣለ። እኔም ምስጋና ጠብቄ ነበር። "ማዘር" አለኝ፣ "ቅቤው አሪፍ ነው፤ ስኳር ላይ ግን ትሰስቻለሽ።" ከዚያ ወደ አታክልቲ ዞሮ "ፋዘር፣ አንተ ጾምክ፣ እኔ ወፈርኩ፤ አላህ ይህን በኔ ስም እንዳይጽፈው ዱዓ አድርግልኝ" አለው። አታክልቲ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እማዬ፣ "ያበርክተው" ስትዪ እኔ የሚገባኝ ከረጢቱ ሳይጎድል ይቆያል ማለት ነበር። ጎደለ፤ አለቀም። ስፌቱን ገልብጬ አራግፌ ነው ያየሁት። ግን አንቺ ለአንድ ሰው ብለሽ የላክሽው ሦስት ሰው ቀልቧል፤ አንደኛውን እየቀለብኩት መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። ዱቄቱ አልበዛም፣ የሚሰጠው ሰው በዛ። እግዚአብሔር የኔን ስህተት እንኳ የሚጎርሰው ላጣ ሰው አጎረሰበት። በእኔ ቅቤ ምክንያት አታክልቲ የባከኑበት ሁለት ሳምንታት ግን አሁንም ያሳስቡኛል፤ ይህን አልደብቅሽም።

ዛሬ ጠዋት ዐፊፋ የገብስ ዱቄት ይዛ መጥታለች። ለዛሬ፣ ለነገና ለሰኞ ጠዋት ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። አልጨነቅም ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ እየተጨነቅሁ እሰጣለሁ፤ የእኔ እምነት ለጊዜው ይህችን ታህላለች። አንቺ ግን ለዘር ያስቀመጥሽውን አጃ እንዳትነኪ። አውቅሻለሁ፤ ይህ ሲነበብልሽ ዓይንሽ ወደ ጎተራው ሄዷል። ሚልክያስ፣ አደራህን ጠብቅልኝ። ከረጢቱን አጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነገ እሑድ በቆጂ በሚገባ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ባዶ ዕቃ አይመለስም ብላ ዐፊፋ ሁለት እፍኝ ሱፍ ጨምራበታለች፤ ለጉልበትሽ ደግሞ "ዘይቱን ሳታቋርጪ" ብላለች።

ለሚልክያስ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ አንዳንዴ ከ"ደህና ናት" የረዘመ ወሬ ይንገረኝ። ቤተል፣ ላነበብሽበት ጉሮሮሽ ይባረክ። ልጃችሁን ያቤፅን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሙልኝ፤ የፈተናውን ውጤት ራሱ ይጻፍልኝ። ለጎረቤታችሁ ለቄሰ ገበዝ... አይ፣ ለእሳቸው እንኳ የሁዳዴውን ነገር አትንገሩብኝ፤ ሰላምታዬን ብቻ አድርሱልኝ። ጌቱ "እማማ፣ እርስዎ በላኩት ነው የቆምኩት" ይልዎታል በዪልኝ ብሏል፤ እንደነገረኝ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ሰኞ የአታክልቲ ሚዛን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ሄዷል። ሐኪሙ "ጥሩ ነው፣ ግን ገና ነው" አለ። ከነገ ወዲያ ሰኞ፣ መጋቢት 15 ጠዋት፣ እንደገና ይመዝነዋል። የሚፈለገው ክብደት ላይ ከደረሰ ሐሙስ ወደ ቀዶ ጥገና ይገባል፤ ካልደረሰ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዘውዲ በሁለቱም በኩል ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። ሰኞ ጠዋት ስትነሺ ከሁሉ በፊት ስሙን ጥሪልኝ፤ አታክልቲ ነው።

የምትወድሽ ልጅሽ
ፅናት

ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.