ነርስ ነሽ፣ ግን ጠብቂ

እማዬ ሆዴ፣

የሄድሽበት ብርድ ወጥቶ፣ ሌላ ብርድ ገብቶ፣ ይኸው እሱም ሊወጣ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ የምሥራች ይዤ ልጻፍላት ብዬ ነው። የምሥራቹ እምቢ ሲለኝ ጊዜ፣ በንዴቴም ቢሆን ልጻፍ አልኩ።

አባዬ ደህና ነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት በታክሲ ዲፕስሉት ሰፈር ወርዶ ስፓዛ ሱቃችንን ይከፍታል። ባንኮኒው ላይ ያለውን የብረት ፍርግርግ አጠንክሮታል፤ ዘረፋው ብሷል። ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም። የዳቦ ሳጥን እንኳ አያስቀምጥበትም።

እኔ ደግሞ ተመረቅኩልሽ! ምርቃቱ በስልክ ነበር፤ ስሜ ሲጠራ ሱቅ ውስጥ የስልክ ኤርታይም እየሸጥኩ ነው። ደንበኛው ሰምቶ “ሲሲ፣ እህቴ፣ ነርስ ሆነሻል አሉ፤ እንግዲህ ስኳር ላይ ቀንሺልኛ” ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። እልል የሚል ሰው አጠገቤ አልነበረማ።

ከዚያ ወዲህ ምደባ እየጠበቅኩ ነው። ሆስፒታሉ ሁሉ ነርስ አለቀብን ይላል፤ እኔ ስደውል ግን “ነርስ ነሽ፣ ግን ጠብቂ” ነው መልሱ። የእኛ ዓይነት የስደተኛ ፐርሚት ያለው ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታያል አሉ። የሚያየው ቢሮ ደግሞ ከሎክዳውኑ ጀምሮ ዝግ ነው። አንቺንስ እንዲህ አይደል ያደረጉሽ? ሆሳዕና ከተማ ዕድሜሽን ሙሉ ነርስ ሆነሽ ኖረሽ፣ እዚህ ሰው አገር ስትመጪ ማስረጃሽን አናውቀውም ብለው በአረጋውያን ቤት አንሶላ ቀያሪ አደረጉሽ። ኮሮናውም እዚያው ያዘሽ። አባዬ ይህን ሥራ ይቅር አላለውም። “እናትሽን የበላ ሥራ አንቺን አይደግምም፤ ነይ ሱቁን ያዢ” ይለኛል፣ በነጋ በጠባ።

እኔ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። እዚህ ሰፈራችን ዱርንፎንቴን አንድ አዳራሽ ውስጥ የክትባት ጣቢያ ሲከፈት በበጎ ፈቃድ ገባሁ። ሥራዬ ምን መሰለሽ? ወንበር ማሳየት! ስንት ዓመት ተምሬ “እዚህ ይቀመጡ፣ አንዱን ይዝለሉ” እያልኩ እውላለሁ።

ሙያሽ ተለውጧል እማዬ። አንቺ የመስታወት ሲሪንጅ በድስት ቀቅለሽ የጀመርሽ ሰው ነሽ፤ ያስ እንኳን ቀረ። ግን በሽተኛውን መጀመሪያ የልጆቹን ስም ትጠይቂው ነበር። ሦስተኛው ልጅ ላይ ሳይደርስ ወግተሽ ጨርሰሻል። ዛሬ የሚጠየቀው የመታወቂያ ቁጥር ነው። ነርሷም ወዳ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ካልተቀበለው መርፌ ማንሳት አትችልም።

ጋሽ ኤርሲዶን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ስትታመሚ በር ላይ ቆመው የጸለዩልሽ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። ክትባቱ የአውሬው ምልክት ነው ሲሉ ሰንብተው ነበር፤ ስንት ለምኜ አሳመንኳቸው። ሌሎቹንም ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ኮምፒውተሩ የፐርሚት ቁጥራቸውን አልቀበል አለ። “ምልክቱንም ከለከሉን እኮ ልጄ” ብለው ቀለዱ፤ እኔን ግን ደሜ ፈላ። የጣቢያው ኃላፊ ላይ ጮህኩበት። “አንቺ ወንበር አሳዪ” አለኝ።

አንዲት ሲስተር ኖምሳ የምትባል ነርስ አለች፣ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት የቀራት። እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝና “በእኛ ጊዜ በእስክሪብቶ እየጻፍን ነው ሕዝብ የከተብነው። ሐሙስ መልሰሽ አምጫቸው” አለችኝ። ስልኳን ይዛ የበላዮቹን ጨቀጨቀች፤ ስማቸው በእጅ ተጽፎ ይከተቡ የሚል ፈቃድ እስኪሰጧት አልለቀቀቻቸውም።

ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ተከተቡ። ከእነሱ ኋላ ማን ተሰልፎ አየሁ መሰለሽ? አባዬ! አንቺን በቀበርን ማግስት እንኳ የከፈተውን ሱቅ ዘግቶ መጥቷል። ተቀመጠ፣ እጅጌውን ጠቀለለ። ሲስተር ኖምሳ መርፌውን ስታነሳ ግን ክንዱን ሰብስቦ “ልጄ ትውጋኝ። ነርስ አይደለች እንዴ?” አለ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ።

ይህን ቃል ከእሱ አፍ ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። መርፌው በክንዴ ርቀት ነበር። “አባዬ፣ አልተፈቀደልኝም” አልኩት። “እንግዲያው እስኪፈቅዱልሽ እጠብቃለሁ” ብሎ ተነሳ። ኩራቱ ነው፤ ለእኔ ብሎ ነው፤ ግን እማዬ፣ በዚያች ሰዓት እንደ እሱ ያናደደኝ የለም። ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት። “እኔን ያስጠበቁኝ ይበቃል፤ አንተን ደግሞ ጥበቃ ላይ አልቀብርህም” አልኩት። ክንዱን መልሶ ለሲስተር ኖምሳ ሰጠ። ዓይኑ ግን ከእኔ አልተነቀለም።

በመልስ መንገድ ስለ ሱቁ አላነሳም። ምደባው እስከ ዛሬ አልመጣም።

አልረሳሽም እማዬ። መቃብርሽ ላይ አበባ ሳስቀምጥ ብቻ የማስታውስሽ እንዳይመስልሽ። ስለ ምደባው ነገም እደውልላቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያም። “ጠብቂ” ባሉኝ ቁጥር ያንቺን ስም እነግራቸዋለሁ፤ ማን እንደነበርሽ፣ ስንት ሰው አስታመሽ እንዳዳንሽ፣ እዚህ ምን እንዳደረጉሽ። ከኔ ለመገላገል ሲሉ እስኪመድቡኝ ድረስ፣ ስምሽን በቃላቸው ይይዙታል።

ልጅሽ