ጂንካ ሦስቴ ሸኘችኝ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1966

አልሄድኩም። ሚዛን ላይ ወጥቼ፣ ሻንጣዬ ተመዝኖ፣ እናቴ አልቅሳ፣ የጸሎት ቤታችን ሴቶች ዘምረው ካበቁ በኋላ አልሄድኩም።

አውሮፕላኑማ መጥቷል። ድምፁ ሲሰማ ሰው እንደ ልማዱ ወጥቶ ከብቱን ከሜዳው አባረረ፤ በሰላም አረፈ። የትኬት ወኪሉ አቶ ደምሴ በሬዲዮ ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው ፊታቸው ተለዋውጦ ወጡ። አብራሪዎች አድማ መትተዋል፤ ማንም ካለበት አይነሳም አሉን። ሁለቱ አብራሪዎች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ሆቴል ሄዱ። አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ከብቱም ተመልሶ ዙሪያውን ይግጣል።

ዘንድሮ ያላደመ የለም። አስተማሪው፣ ባለታክሲው፣ ሁሉም። በሬዲዮ ስሰማ ባለሥልጣኖቹን «ይበላቸው» እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ደስ አላለኝም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት አዲስ አበባ፣ የጤና ረዳት፣ የድሬሰር ትምህርት ቤት መገኘት አለብኝ። ደብዳቤው «በዕለቱ ያልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል» ይላል። አምስት ዓመት ክሊኒክ ውስጥ መርፌ ቀቅያለሁ። ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቴም ወድቄያለሁ። በመኪና እንዳልሄድ የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪና አያሻግርም።

ሐሙስ

ተሰናብቶ የቀረ ሰው መንገድ ላይ ምን እያለ ይሄዳል? በጓሮ በጓሮ ስሽሎከለክ ዋልኩ። የመሰናበቻዬን ዶሮ ያረደችው ጎረቤታችን አይታኝ «አለሽ እንዴ!» አለች። ዶሮዋን መልሺ ያለችኝ ያህል አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሴ «ድርድር አለ፣ ተዘጋጁ» ብለው ላኩብን። ዘማሪዎቹ እንደገና መጡ። እናቴ እንደገና አለቀሰች። ትናንት ያልደረሰችው አክስቴ ከካኮ አንድ ቅል ማር ይዛ ደረሰች። ሻንጣዬ ከሚፈቀደው ኪሎ አለፈ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመን ተመለስን።

አብሮኝ የሚሄደው ባለሱቁ ሐጂ ሱልጣን ነው፤ ዓይኑን ሊታከም። ወንበር አስመጥቶ የአውሮፕላኑ ክንፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል። «እኔ ከዚህ አልነሳም። ቢያንስ ጥላውን ልጠቀምበት» ይላል።

ዓርብ

ዛሬስ ተናደድኩ። ረፋዱ ላይ ሞተሩ ተነሳ። ከተማው በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከብት ተባረረ፣ መዝሙር ተጀመረ፣ እናቴ ነጠላዋን በቁሟ እየለበሰች ሮጠች። እኔ ሻንጣዬን በጭንቅላቴ፣ የማሩን ቅል በብብቴ ይዤ እያለከለክሁ ደረስኩ። ሞተሩ ጠፋ።

ለካ ቆሞ እንዳይበላሽ እያሞቁት ኖሯል!

ከሁለቱ አብራሪዎች ሽማግሌው ሲወርድ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። «ሰው ላይ ትቀልዳላችሁ?» ብዬ ጮህኩበት፣ በሕዝብ ፊት። አንገቱን ደፋ። ወደ ሰዉ ዞሬም «ከእንግዲህ ማንም እንዳይሸኘኝ!» አልኩ። አክስቴ ተቀይማ ወደ ካኮ ሄደች።

አሁን ሲበርድልኝ በሁለቱም አፈርኩ።

ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ ሆቴሉ በር ላይ ያንን ሽማግሌ አብራሪ አገኘሁት። ያንኑ አንድ ሸሚዙን አጥቦ፣ እስኪደርቅ የአቶ ደምሴን ለብሷል፤ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቷል። ደብዳቤዬን አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

ለምን እንዳደሙ ነገረኝ። የሚጠይቁት የዕረፍት ሰዓት ነው። አንዳንድ ቀን መሪውን ይዞ ዓይኑ እንደሚከደንበት ነገረኝ፤ ይህንን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ምን እላለሁ? እኔም ሁለት ሌሊት ተረኛ ሆኜ መርፌው ድስቱ ውስጥ ውኃው አልቆ እስኪያር ድረስ ተኝቼ አውቃለሁ። እንቅልፋም አብራሪ ያለበት አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ እኔም አልፈልግም። ግን ሰኞስ?

«እህቴ፣ ጓደኞቼን ትቼ ልነሳልሽ አልችልም» አለኝ። ቀጥሎም «ሬዲዮው ግን አላደመም» አለ።

አቶ ደምሴ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ስሜን፣ የትምህርት ቤቱን ስም፣ ትኬት ቆርጬ ከረቡዕ ጀምሮ ሜዳው ላይ መሆኔን በሬዲዮ ወደ አዲስ አበባ አስተላለፈ። «ያልበረርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም በሉልኝ» ሲል ሰማሁት።

የአክስቴን ማር ሰጠሁት። ሻንጣዬም ቀለለልኝ።

እሑድ

መልስ የለም። ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። ጸሎት ቤት ሽማግሌያችን «ለሚበሩትም ለሚጠብቁትም» ብለው ጸለዩ። እኔ ለራሴ ብቻ ነው የጸለይኩት። እውነቱን ልጻፍ።

ሰኞ

ሁለት ሰዓት ሲሆን ክሊኒክ መርፌ እየቀቀልኩ ነበር። አዲስ አበባ አሁን ስሜን ጠሩ፣ የለችም ተባለ፣ ቀጣዩን ጠሩ። እንደዚያ እያሰብኩ ጣቴን አቃጠልኩ። የክሊኒካችን ድሬሰር አይቶ እንዳላየ አለፈኝ፤ ደግ ሰው ነው።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ መጡ። አንድ የአዲስ አበባ አየር መንገድ ሠራተኛ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶልኛል። «እስከ ሐሙስ ይቆዩሻል» አሉኝ። እኚህ ሰው ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ሐሙስ! አድማው ግን እንዳለ ነው።

ማክሰኞ፣ አየር ላይ

ጽሑፌ የተንጋደደው አውሮፕላኑ እየዘለለ ነው።

ሌሊቱን ተስማምተዋል፤ ለዕረፍቱም ቃል ተገብቶላቸዋል አሉ። ገና ጎህ ሳይቀድ አቶ ደምሴ በራችንን አንኳኩ። ለማንም መንገር አልተቻለም፤ እኔም ከልክዬ የለ። ሚዛኑ ላይ ስወጣ ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ።

ከብቱ ሜዳው ላይ ተኝቷል፤ የሚያባርር ሰው የለም። አቶ ደምሴ፣ እናቴ፣ እኔ በመንገድ ቀሚሴ፣ ሽማግሌው አብራሪም ጭምር በዱላ አባረርን። ሐጂ ከወንበሩ ሆኖ «በዚያ በኩል! ቀዩ ቀረ!» እያለ አዘዘን። ያ ዓይኑ የታመመው ሰውዬ!

ሞተሩ ሲነሳ ሰው ይወጣል ብዬ ወደ ቤቶቹ አየሁ። ማንም የለም። ዶሮዋን ያረደችው ጎረቤታችን ብቻ በአጥር አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችና ተመለሰች። ሰዎቹ እንደ ዓርቡ ሞተር እያሞቁ መስሏቸዋል።

እናቴ አላለቀሰችም። ከብት ስታባርር ትንፋሽ አጥሯት፣ እየሳቀች ደረቴ ላይ ተደገፈች። ከሦስቱም ሽኝት ይኸኛው በለጠብኝ፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከመሬት ከተነሳን በኋላ በመስኮት አየሁ። የቤቶቹ በሮች ተከፈቱ። ሰው ከየቤቱ ወደ ሜዳው ይሮጣል፤ ነጠላ የሚያውለበልቡም አሉ። እንደማያዩኝ እያወቅሁ እጄን አወዛወዝኩ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ አልደረሰም። እስከ ሐሙስ ብለዋል፤ ይቆዩኝ ይሆን?