የተላጠው ገመድ

ማክሰኞ

ልጅሽ ትንሽ አሞታል ተብዬ ነው የሄድኩት። የሚሠራበት ብየዳ ቤት ደጃፍ ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ገባኝ። ናቲዬን ኤሌክትሪክ ገደለው። ወለሉ በዝናብ ርሶ ነበር አሉ። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ዓርብ

የብየዳ ቤቱ ባለቤት ግርማ ድንኳን መጣ። "እትዬ አስካለ፣ ቀኑ ደርሶ ነው፤ ምን ይደረጋል" አለኝ። ንፍሮውን እያላመጠ። አፉን ማየት አስጠላኝ። ከናቲ ጋር ይሠራ የነበረው ልጅ ግን በጆሮዬ ነገረኝ። የብየዳ ማሽኑ ገመድ ከተላጠ ቆይቷል። ናቲ አሠራው ሲለው ግርማ ስቆ፣ "ገመድ ከፈራህ ሽሮ ሜዳ ሄደህ ጋቢ ሽጥ" ብሎታል።

እሑድ

እህቱ ሊያ የኬሚስትሪ ፈተና አለባት። ደብተሩ ላይ ታለቅሳለች። ብረቱ ሲገድል ፕላስቲኩ እንዴት ያድናል አልኳት። የነገረችኝን እንዳልረሳው እጽፋለሁ።

ብረት ውስጥ አተሞቹ የውጪ ኤሌክትሮናቸውን ለጋራ ይለቁታል። የአንዱ ብቻ ስላልሆነ በብረቱ ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ለዚህ ነው። ብረት ሲቀጠቀጥ ሳይሰበር የሚታጠፈውም በዚሁ ትስስር ነው። ፕላስቲክ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አተሞች ኤሌክትሮኑን በመሀላቸው አጥብቀው ይይዙታል። ይሄኛው ትስስር ኮቫለንት ይባላል። ኤሌክትሮኑ አይላወስም፤ ኤሌክትሪኩም አያልፍም። የመጻፊያ እርሳስ ጥቁሩ ግን ኮቫለንት ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል አለችኝ። እሱ አልገባኝም።

"እና ያ ስስ ልባስ ነው የጎደለው?"

"አዎ እማዬ። እሱ ብቻ።"

ቀኑ አልነበረም የደረሰው።

ረቡዕ

ብየዳ ቤቱ ሄጄ አየሁት። ገመዱ ላይ አዲስ ናስትሮ ጠምጥሞበታል። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ለልጄ ያልተገኘ ናስትሮ። ግርማ ደግሞ ለመቃብሩ የብረት አጥር በነፃ ልበይድለት አለኝ። በዚያው ማሽን! ጥዬው ወጣሁ።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎች ግርማን ይዘው መጡ። ቀኑ ነው ብለሽ ይቅር በይው አሉኝ። መጀመሪያ እውነቱን በሠራተኞቹ ፊት ይናገር አልኩ። ተጠርተው መጡ። ግርማ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

"ተላጧል ብሎኝ ነበር" አለ። "ሳቅኩበት።"

እጁን ዘረጋ፤ አልጨበጥኩትም። አሁንም ያስጠላኛል። አጥርህን አልፈልግም፣ ለእነዚህ ልጆች የተላጠውን ገመድ ሁሉ ቀይርላቸው አልኩት። እሺ ብሏል። ያድርገው አያድርገው፣ ሄጄ አያለሁ። ይቅርታው ገና ከልቤ አልወጣም።

ይህን የምታነቡ፣ ናቲ የቤት ስሙ ነው። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ይባላል። ስትጸልዩ በዚህ ስም አስቡልኝ።