እንጦጦን ከወጣች አትሸጥም

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ወጣች! መኪናችን እንጦጦን ወጣች!

ባለቤቴ አልማዝ በኮምፒውተር የሚሠራው የኢንጀክሽን ሞተሯ ከተቃጠለ ጀምሮ «ትሸጥ» እንዳለች ነበር። ኮምፒውተር የማይፈልግ ባለ ካርቡራተር ሞተር ላስገባላት ስል ሳቀችብኝ። በመጨረሻ ግን «እንጦጦን ሳትቆም ከወጣች አትሸጥም፤ መንገድ ላይ ከቆመች ግን ነገ ደላላ እጠራለሁ» ብላ ፈረደች።

ዛሬ ወሰን ሰፈር ካለው ጋራዥ ሄደን ተረከብናት። መካኒኩ ጋሽ ከድር የቤንዚን ፓምፑንም ለውጠውታል፤ የድሮው ለካርቡራተር ኃይለኛ ሆኖ ባለፈው ሳምንት ሲሞክሯት ቤንዚኑን ሲያስተፋው ነበር። አልማዝ ዳሽቦርዱን አየችና፣

«ጋሽ ከድር፣ ይቺ ቢጫ መብራት ለምን አትጠፋም?» አለቻቸው።

«ኮምፒውተሩ ነው የኔ ልጅ። የድሮውን ሞተር እየፈለገ ነው። ተዪው።»

ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር መሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ከፍ ባልንና አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩ እየታፈነ መጣ፤ ከኋላችን ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ማርሽ ወረድኩ። አልማዝ ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ትላለች። እንድንወጣ ትጸልይ እንድንቆም፣ አልጠየቅኳትም።

አናቱ ላይ ስንደርስ ግን ቀድማ እልል ያለችው እሷ ናት! ቢጫዋን መብራት በጣቷ መታ መታ አድርጋ ኮምፒውተሩን፣ «ፈልግ አንተ! እኛ ደርሰናል» አለችው።

ቁልቁለቱን እሷ ነዳች። ማታ ቁልፉን ስጠይቃት፣ «የማንን መኪና ቁልፍ?» አለችኝ።