«አንድም ቀን ደለል ነክታ የማታውቀው» መርከብ

ለክቡር ሚስተር ሬጂናልድ ፎዘርቢ
የባቡር መሥሪያ ቤቱ የመርከብ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ መጽሐፍዎ ሽፋን የሚያብረቀርቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ባለመንኮራኩሯ የእንፋሎት መርከባችን «ሌዲ ኦድሪ» ልትሰናበት ሁለት ሳምንት ሲቀራት የአርባ ዓመት ታሪኳን አሳትመው በየቤታችን ስለላኩልን፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት አፍ ግራና ቀኝ የምንኖር ሁሉ እናመሰግናለን። እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛውን ያነበብኩት የእኛዋን መርከብ ፍለጋ ነው። ጥቂት ነገሮችን በትሕትና ላመልክት።

፩. መርከቢቱ ሁልጊዜ ለባቡሩ በሰዓቱ ትደርስ እንደነበር ጽፈዋል። የጉዞ ሰዓቷን ያወጡላት የባቡር ሰዎች ስለሆኑ አይፈረድብዎትም። ባሕሩ ግን ሰሌዳዎ አልደረሰውም መሰለኝ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ፈቃድ ሳይጠይቅ እየሸሸ ደለሉን ባዶ ያስቀረው ነበር።

፪. «አንድም ቀን ደለል ላይ ተቀምጣ አታውቅም» ይላል ገጽ ሰባት። እንኳን ደስ ያለን! ጎረቤቴ ዶሪን የሠርግ ኬኳን ደለል መሃል ቆርሳ ለተሳፋሪው ሁሉ ያደለችው እንግዲህ ሌላ መርከብ ላይ ነው።

፫. ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። ባለቤቴ ዊልፍ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ቆሞ በረጅም ዘንግ የውኃውን ጥልቀት እየለካ ለካፒቴኑ የሚጮህ ሠራተኛ ነበር። በ1958 አንድ ጠዋት፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ውኃ የለም! ግማሽ ሰዓት ብንቆይ ምናለ?» ቢል፣ የእርስዎ ሰው ከመሳፈሪያው መድረክ ላይ ሆኖ፣ «ባቡሩ አንተን ይጠብቅልህ? ልቀቁ ብያለሁ!» አለ። ለቀቁ፤ ደለል ላይ ተቀመጡ። በሳምንቱ ዊልፍ «መርከቢቱን ደለል ላይ አስቀምጧል» ተብሎ ተባረረ። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ወደ መድረኩ ወርዶ አያውቅም፤ ስለ መርከቧ ሲወራ ተነሥቶ ይወጣል። እኔም ይህን ማየት አንገብግቦኛል።

መርከቢቱ ደለል ካልነካች ዊልፍ የተባረረው በምን ጥፋት ነው? መጽሐፉም የስንብት ደብዳቤውም የእርስዎን ፊርማ ይዘዋል። ውሸቱ የትኛው እንደሆነ በስንብቱ ጉዞ ላይ፣ ዊልፍ በተገኘበት፣ ጮክ ብለው እንዲነግሩን እለምናለሁ።

ለሰዓት ሰሌዳዎ ከባሕሩ የበለጠ አክብሮት ያላት፣
ሄቲ ስታመርስ
ስካርንስ ማረፊያ፣ 1974

ድኅረ ጽሑፍ፦ የስንብቱን ጉዞ ከከንቲባውና ከሙዚቃ ጓዱ ጋር ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚያደርጉ ከጥሪው አየን። ዊልፍ ውኃው የሚሸሽበትን ሰዓት ከባሕሩ ሰንጠረዥ አየና፣ ያው ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ቢያገኘው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ሳቀ። «ተይው፣ ሄቲዬ፣ ምን አደከመሽ? መጽሐፉን ቅዳሜ ራሳቸው ያርሙታል» አለኝ። እባክዎ ብርድ ልብስ ይያዙ።