የኦስቤክ ሃያኛ ሰው ፌርፋክስ ነው ያለው

ለተከበራችሁ የዊተርቢ ካውንቲ ኮሚሽነሮች፣
ሰሜን ዳኮታ

ጤናችሁ እንዴት ሰንብቷል? ሆስፒታሉ ደጃችሁ ላይ ስለሆነ ደህና እንደምትሆኑ አልጠራጠርም፤ ቢሆንም መልካም ምኞቴ ይድረሳችሁ። ይህን በአማርኛ የምጽፈው በእንግሊዝኛ ለጻፍኩላችሁ መልስ ስላልሰጣችሁኝ ነው። አሁን ዝም ብትሉኝ ቋንቋውን ስለማያውቁት ነው ብዬ እጽናናለሁ። አንዱን ቅጂ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ካለ የሐበሻ ሱቅ መስኮት ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ቢያንስ አላፊ አግዳሚው ያነበዋል።

እታገኘሁ እባላለሁ። ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ። ታናሽ ወንድሜ ክፍሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት፣ እናንተ በምታስተዳድሯት ኦስቤክ በምትባል መንደር ሲያልፍ መኪናው በረዶ ውስጥ ተበላሸበት። ዶና የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ስንዴ አራሽ አሮጊት ቤታቸው አስገቡት። በረዶው እስኪያባራ ያለው ሰው እዚያው ቀረ። ተዘግቶ የነበረውን የመንደሩን ብቸኛ ሱቅ ከፍቶ ቤንዚን፣ ዳቦ፣ ብሎን፣ የከብት መድኃኒት ሳይቀር ይሸጥ ጀመር። ስደውልለት "እታገኝ፣ እዚህ አገር መኪና ስታሳልፊ ለሰላምታ እጅሽን ካላነሳሽ ያኮርፉሻል" እያለ ይስቅ ነበር። ዛፍ እንኳ የሌለበትን ሜዳ ምኑን እንደወደደው ዛሬም አልገባኝም፤ ድምፁ ግን የደስተኛ ሰው ድምፅ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን በእናንተው ወግ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ አምና የኦስቤክን አምቡላንስ ስላነሳችሁ አመሰግናለሁ። ያችን ለምታህል መንደር አምቡላንስ ማቆም ብክነት መሆኑን በሚገባ አስረድታችኋል። ክፍሉ ስትሮክ መትቶት ሱቁ ውስጥ ሲወድቅ ጎረቤቶቹ ተሸክመው ፒክአፕ ላይ፣ ጭድ ላይ አስተኙት። ዶና ያንን ሁሉ መንገድ በብርዱ ከኋላ ተቀምጠው ጭንቅላቱን ደግፈው ሄዱ። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ" አላቸው። ወንድሜ ተረፈ፤ ቀኝ እጁና ንግግሩ ግን አልተመለሱም። አሁን እኔ ጋ፣ አንድ ክፍል አፓርታማዬ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፦ ነዋሪው ከሃያ ያነሰ መንደር ይፈርሳል፣ ስሙ ከካርታ ይነሳል፣ መንገዱም አይጠረግም የሚለውን ደንባችሁን ስላሳወቃችሁኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሃያኛው ሰው ክፍሉ ነው። ጸሐፊያችሁ ጋ ደውዬ ስጠይቃት፣ እጅግ በጨዋ ድምፅ "ተመልሶ እዚያ ከኖረ ይቆጠራል" አለችኝ።

"ደግሞ ቢያመውስ?" አልኳት።

"አምቡላንሱ የሚመለሰው ሕዝቡ ሲጨምር ነው" አለችኝ።

ብልከው ወንድሜን ላጣው ነው፤ ባልልከው እሱን ጭድ ላይ አስተኝተው ያተረፉትን ሰዎች መንደር ላፈርስ ነው። ምርጫውን እንዲህ ቁልጭ አድርጋችሁ ስላስቀመጣችሁልኝ ምን ልበላችሁ።

ሦስተኛ፦ ዶና እሁድ እሁድ ይደውላሉ። ስልኩን ስፒከር ላይ አደርግለታለሁ። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ትራክተር ጭቃ ውስጥ እንደቀረ ይነግሩታል፤ እሱ በግራ እጁ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ መስማቱን ያሳውቃቸዋል። ባለፈው ግን፣ ክፍሉ ማለት ስለማይሆንላቸው፣ "ኬፍ፣ ስለ እኛ አታስብ፤ መንደር ይቀራል፣ አንተ ብቻ ዳንልኝ" አሉት። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ሻንጣውን በአንድ እጁ እየጎተተ ደረጃው ላይ አገኘሁት። ቀማሁት። አልጋ ሥር ደበቅኩበት። እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ይህ ቅሬታ እናንተን አይመለከት ይሆናል፤ የት እንደሚቀርብ ስላላወቅሁ ነው እዚህ የጨመርኩት።

ስለዚህ በመጪው ማክሰኞ በምታደርጉት ስብሰባ፣ ክፍሉ እስኪያገግም በሌለበት ለኦስቤክ ሰዎች እንዲቆጠርላቸው በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ቦታ አይዝባችሁም።

ውድ ጊዜያችሁን ስለተሻማሁ ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ፣ ከመካከላችሁ አንድም ሳይጎድል በየወንበራችሁ እንድትሰነብቱ የምመኝላችሁ፣

አክባሪያችሁ
እታገኘሁ፣ የሃያኛው ሰው እህት
ሎስ አንጀለስ

ከስብሰባው በኋላ የተጨመረ፦ ክፍሉ እንደ ነዋሪ በስልክ ሦስት ደቂቃ እንዲናገር መብቱን ስላከበራችሁለት ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል። እኔ ልናገርለት ስል "አንቺ ነዋሪ አይደለሽም" ተባልኩ፤ ልክ ናችሁ። ስልኩን አፉ ጋ ያዝኩለት። የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ታገለ፤ እናንተ ጋ የደረሰው ግን ትንፋሹ ብቻ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ሊቀመንበራችሁ "አቶ ክፍሉ ተቃውሞ ስለሌላቸው እናመሰግናለን" አሉና መንደሩ ይፍረስ ወደሚለው ድምፅ አሰጣጥ አለፋችሁ።